ከትንሿ አቃቂ እስከ ዘጌ፦ የደራሲዎቻችን አትክልት ስፍራ

ከሜክሲኮ ተነስቶ በሳር ቤት አድርጎ ወደ ጀሞ የሚዘልቀው ታክሲ መካኒሳ ሲደርስ ብዙ ሰው ያወርዳል። ወራጁ ወደየሱቁ፣ ወደየትምህርት ቤቱ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ይበተናል። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ወደ ትንሿ አቃቂ ወንዝ ቁልቁል የወረደ ሰው ግን፣ ግንባታው ባልደረሰባቸው ቦታዎች፣ ሌላ መካኒሳ ያገኛል። መደብ በመደብ የተከፈለው መሬት ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር አብቅሏል። ከወንዙ በሞተር የተሳበው ውሃ በቦዩ ይወርዳል። አትክልተኛው ቆስጣ ሲለቅም ከዳር ያሉትን ሰፋፊ ቅጠሎች ብቻ ከሥራቸው ይገነጥላል እንጂ መሐል ያለውን ለጋ አይነካም፤ ለሚቀጥለው ለቀማ የሚደርሰው እሱ ነውና። የተለቀመው በእስር በእስር ታስሮ፣ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ ማልደው ለሚመጡ ቸርቻሪ ሴቶች ይሸጣል።

በዚህ ዳርቻ አትክልት ማልማት የትናንት ሥራ አይደለም። የመካኒሳ፣ የፉሪና የሳሪስ አትክልት አምራቾች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ለረጅም ዓመታት የአዲስ አበባን ጉሊት ሲቀልቡ ኖረዋል። ሥራቸው ግን ሥጋት አላጣውም። ወንዙ ከላይ ከፋብሪካውም ከመንደሩም የተለቀቀበትን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ተመራማሪው ፍስሐ ኢታና እ.አ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ የሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎችን መርምረው ነበር፤ ከባድ ብረቶችን በመሰብሰብ ረገድ ጥቅል ጎመን ከሰላጣና ከቆስጣ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። ወንዙ መብል ይሰጣል፤ ሰው የጣለበትንም መልሶ ያበላል።

ይህ ከሥነ ጽሑፍ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። የሚያገናኘው ብዙ ነው። በብዙ አገር የደራሲ ስም ከአንድ ቁራሽ መሬት ጋር አብሮ ይነሳል፤ አንባቢም መጽሐፉን ሲጨርስ መሬቱን ለማየት ይጓዛል። በዚህ ልማድ አሜሪካውያን ርቀው ሄደዋል።

ገጣሚዋ ኤሚሊ ዲኪንሰን (1830–1886) ማሳቹሴትስ ውስጥ አምኸርስት በምትባል ከተማ፣ በአባቷ ግቢ አበባ ስትኮተኩት ኖራለች። ገና በልጅነቷ 424 እጽዋት አድርቃ በደብተር ላይ ለጥፋለች፤ ደብተሩ ዛሬ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ይገኛል። ወደ 1,800 ከሚጠጉት ግጥሞቿ በሕይወት ሳለች የታተሙት አሥር ገደማ ብቻ ስለነበሩ ጎረቤቶቿ የሚያውቋት በግጥሟ ሳይሆን በአበባዋ ነበር። ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ በበኩሉ እ.አ.አ. በ1845 በዋልደን ኩሬ ዳር ጎጆ ቀልሶ ከሁለት ዓመት በላይ ተቀመጠ። አደንጓሬ ዘራ፤ ወጪና ገቢውን በሳንቲም ደረጃ መዘገበ፤ በ1854 የታተመው ዝነኛ መጽሐፉም ከዚያ ኑሮ ወጣ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይበልጥ ቅርብ የምትሆነው ግን ጥቁር አሜሪካዊቷ ገጣሚ አን ስፔንሰር ናት (1882–1975)። ጥቁሮች ከነጮች ተለይተው እንዲኖሩ ሕግ በሚያስገድድበት ዘመን፣ በቨርጂኒያዋ ሊንችበርግ ከተማ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበረች። ባሏ ኤድዋርድ በጓሯቸው ውስጥ ኤዳንክራል ያሉትን ትንሽ የመጻፊያ ቤት ሠራላት። ገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝና የመብት ታጋዩ ማርቲን ሉተር ኪንግ በዚያ ቤት በእንግድነት አልፈዋል። ምሁሩ ደብሊው ኢ. ቢ. ዱ ቦይስ የሰጣት፣ የአፍሪካዊ ራስ ቅርጽ ያለው የብረት ሐውልት እስከ ዛሬ ከኩሬዋ ዳር ቆሞ ውሃ ይተፋል።

የነዚህ ቦታዎች ድንበር ይታወቃል፤ በር አላቸው፤ በሩን የሚከፍት ሰው አላቸው። የኢትዮጵያዊ ደራሲ አትክልት ስፍራ የት ነው ተብሎ ቢጠየቅ ግን ጣት የሚቀሰርበት ግቢ ማግኘት ያስቸግራል። ምክንያቱ ደራሲዎቻችን ለአፈርና ለዛፍ ግድ የለሽ ስለሆኑ አይደለም። የእነሱ አትክልት ስፍራ አጥር የለውም፤ ገበሬ ያርሰዋል፣ መነኩሴ ይጠብቀዋል፣ እናት በጓሮዋ ታበቅለዋለች፣ ደራሲው ይጽፈዋል። ይህን በዓይን ለማየት ከመካኒሳ ተነስቶ መጓዝ ያስፈልጋል። ጊዜው ደግሞ መስከረም መጨረሻ ቢሆን ይመረጣል፤ ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሜዳውን የሚሞላበት ወቅት ነው።

መጀመሪያ ወንዙን ሽቅብ መከተል ነው። ትንሿ አቃቂ ከአዲስ አበባ ምዕራብ፣ ከወጨጫ ተራራ አካባቢ ትነሳለች። በገፈርሳ ግድብ ትታቆራለች፣ ከተማውን ታቋርጣለች፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ትገባለች። ወጨጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3,385 ሜትር ነው። በደቡብ ምዕራብ ጎኑ፣ ከሰበታ በሚያስገባው መንገድ፣ የመናገሻ ሱባ ደን አለ።

በደኑ ውስጥ ቅርፊቱ በረጃጅሙ እየተላጠ የሚንጠለጠል ጽድ፣ ግንዱ ለብዙ ሰው እቅፍ የሚበቃ ዝግባ፣ ወይራ፣ ከፍ ሲሉም ቀላ ያለ አበባውን በዘለላ ያወረደ ኮሶ ይገኛል። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ ዕድል የቀናው የምኒልክ ድኩላ ያያል። በትውፊት እንደሚነገረው ይህን ደን ያስተከለው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ ዘሩም ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን የመጣ ነው ይባላል። ዘርዐ ያዕቆብ በጦርነትና በሃይማኖት ክርክር ስሙ የሚነሳ ንጉሥ ብቻ አልነበረም። መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ በስሙ የሚታወቁ የግዕዝ ድርሳናት ናቸው። የጽሕፈትና የተከላ ታሪክ በአንድ ሰው ስም ተያይዞ የሚነሳበት ቦታ ከመካኒሳ ይህን ያህል ቅርብ ነው። በመካኒሳ ቆስጣ ሥር የሚያልፈው ውሃም የሚነሳው ከዚያው ተራራ ወገብ ነው።

ወንዙን ቁልቁል ቢከተሉት ደግሞ የሚደረሰው ሌላ ደራሲ ዘንድ ነው። የአባ ሳሙኤል ውሃ ወደ አዋሽ ይፈስሳል። አዋሽ የሚነሳው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከግንጪ በላይ ካለው ከፍተኛ ቦታ ነው፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደባት ቦዳም የምትገኘው በዚያው በአምቦ አቅጣጫ ነው። በ1966 ዓ.ም. በታተመው «እሳት ወይ አበባ» የግጥም መድብሉ ውስጥ «አዋሽ» የሚል ግጥም አለው። ወንዙን ለመጻፍ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም፤ የልጅነቱ ደጅ ነበር። አዋሽ ቆቃን አልፎ፣ የመተሐራንና የአፋርን ሜዳ አጠጥቶ፣ ከ1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ በኋላ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። ባሕር አይደርስም። ጸጋዬ ራሱ በ1998 ዓ.ም. ያረፈው ኒውዮርክ ነበር፤ አስከሬኑ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ አዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብሯል።

መካኒሳ አቦ የሚባለውን አካባቢ ስም የሚያውቅ ሁሉ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ያውቃል። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ከአንበሶችና ከነብሮች መካከል ቆመው የሚሣሉት ጻድቅ ናቸው፤ የዝቋላ ገዳም አባት። ዝቋላ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ ብቻውን ጉብ ብሎ የቆመ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። አናቱ ላይ ሐይቅ አለው፤ ሐይቁን ጽድና ሌላ ዛፍ ከቦታል። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ምእመናን ተራራውን ይወጣሉ። ዳኛቸው ወርቁ እ.አ.አ. በ1973 በእንግሊዝኛ ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ፣ የታመመ ፊታውራሪ ከልጆቹ ጋር ጠበል ፍለጋ የሚወጣው ወደዚህ ተራራ ነው። መጽሐፉ ከሞላ ጎደል የጉዞ መጽሐፍ ነው። ደኑ የተደጋገመ ቃጠሎ ደርሶበታል። በቃጠሎው ጊዜ ከየአቅጣጫው ተራራውን ወጥተው በቅጠልና በአፈር ሲታገሉ ከነበሩት ወጣቶች ውስጥ ዳኛቸውን ያነበበ ስንት ይሆን? ያነበበውም ያላነበበውም ያዳኑት የአንድ ልብ ወለድ መቼት ነው።

ዳኛቸው የደብረ ሲና ልጅ ነው። በ1962 ዓ.ም. የታተመው «አደፍርስ» ታሪኩ የሚካሄደው ከደብረ ሲና በታች በአርማኒያ አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ብርዱና ጉሙ ይቀበለዋል። የመንገዱን ዋሻ ሲያልፍ ምድሪቱ በአንዴ ከእግሩ ሥር ትወርዳለች፤ ከደጋ ወደ ቆላ የሚዘቀዘቀው ገደል፣ እርከኑ፣ ማሽላው፣ ጫካው አንድ ላይ ይታያል። የመናገሻ ሱባ ዘር የመጣበት ነው የሚባለው የወፍ ዋሻ ደንም እዚሁ ጎን ነው። «አደፍርስ» ለማንበብ የሚከብድ መጽሐፍ ነው ይባላል፤ የአካባቢው ገለጻ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጣርማ በር ላይ ግማሽ ቀን ቆሞ ቁልቁል የተመለከተ ግን ክብደቱ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ምድሩ ራሱ በአንድ እይታ የሚጠቀለል አይደለም። ዳኛቸው በኋላ አሜሪካ ሄዶ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ጽሑፍ ተምሯል። አዮዋ ዓይን እስኪታክት የበቆሎ ሜዳ ናት። ከዚያ በኋላ በባዕድ ቋንቋ ሲጽፍም ብዕሩ የተመለሰው ወደ ሸዋ ተራራ ነው።

ከሸዋ ወደ ጎጃም የሚሻገር መንገደኛ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን የዓባይን በረሃ ይወርዳል፣ ይወጣል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ ይህን ቁልቁለት ያለ ሰብለ ወንጌልና ያለ በዛብህ ማየት አይችልም። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ፣ በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ ለማይችለውም ደርሷል። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለደው በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን አርበኛ ሆኖ ተዋግቷል፣ ተማርኮ ኢጣሊያ ታስሯል፣ ከነጻነት በኋላ በዲፕሎማትነት ኢየሩሳሌም፣ ዋሽንግተን፣ ኒውዮርክና ለንደን ቆይቷል። ይህን ሁሉ ዓለም አይቶ የጻፈው ግን የጎጃምን ማሳ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ መሬት ለውበት የተቀመጠ ጌጥ አይደለም። ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚነሡት ከመሬቱ በሚወጣው ምርትና በሚጠየቁት ግብር የተነሳ ነው። ተፈጥሮ በሐዲስ ዓለማየሁ ዘንድ የሚታረስ፣ የሚገበርበት፣ የሚያጣላ ነገር ነው።

ሐዲስ እንደ በዛብህ ሁሉ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ልጅ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት መጽሐፍና ተክል የተለያዩ አይደሉም። ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። ጸሐፊው መቃውን በቢላ አሹሎ ጫፉን መሐል ለመሐል ይሰነጥቀዋል፤ ቀለሙ የሚወርደው በዚያ ስንጥቅ ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠል ተበጥብጦ ለወራት ይቆያል። ተማሪው የሚያድርበት ጎጆ ከደብሩ ዛፍ ሥር ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው የጽጌ ወቅት ደግሞ ካህናት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማሉ፤ እመቤታችንና ልጇ ወደ ግብፅ የተሰደዱበትን መንገድ በአበባ እየመሰሉ ሌሊቱን ያነጋሉ። በመካከለኛው ዘመን መነኮሳት የተደረሰው ይህ ድርሰት አበባን የዓመቱ ዋና የቅኔ ርዕስ አድርጎ ለዘመናት አቆይቶታል። መካኒሳን ጨምሮ በመላው አገሪቱ ዛሬም ይቆማል።

የደብሩ ዛፍ ግን ራሱን አይጠብቅም። በደቡብ ጎንደር ከተራራ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያየ ሰው በታረሰው ሜዳ መካከል እዚህም እዚያም ክብ አረንጓዴ ነገር ያያል። እያንዳንዱ ክብ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ኢትዮጵያዊው የደን ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ሲያጠኑ ከአሜሪካዊቷ ሳይንቲስትና ደራሲ ማርጋሬት ላውማን ጋር ተገናኙ። ላውማን በረጃጅም ዛፎች አናት ላይ ስላለው ሕይወት መጻሕፍት የጻፈች ሴት ናት። ሁለቱ ከካህናቱና ከገበሬዎቹ ጋር ተመካክረው ደኖቹን ከከብትና ከእርሻ የሚያድን መፍትሔ አገኙ፤ የድንጋይ ካብ። ገበሬው ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ ተሸክሞ ያመጣል፣ ደኑ ይካባል፣ ከብት አይገባም፣ ችግኙ ሳይረገጥ ይበቅላል፣ ማሳውም ከድንጋይ ይጸዳል። ካቡ የደኑ ድንበር ስለሆነም እርሻው ደኑን እየቆረጠ አይገባም።

ከጣና ሐይቅ ዳር ዘጌ ላይ ጥበቃው ከዚያም የጠበቀ ነው። ዘጌ ወደ ሐይቁ ገባ ያለች የደን ምድር ናት። ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ወደ አዝዋ ማርያም በሚወስደው የእግር መንገድ ሲሄዱ ፀሐይ በቅጠል ተጣርታ ነው የምትደርሰው። ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ ቡና፣ በመሐል ጌሾና ሎሚ አለ። በሬ ጠምዶ ማረስ በባሕረ ገብ መሬቱ ላይ በገዳሙ ሥርዓት የተከለከለ ነው፤ ትውፊቱ ክልከላውንም ቡናውንም ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዛል። ነዋሪው የሚኖረው በማረሻ ሳይሆን ቡናና ጌሾ ሸጦ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. የተወለደው እዚህ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በተለምዶ «ጦቢያ» የሚባለው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። በዚያው ዘመን ለውጭ አገር መንገደኞች የሚሆን የአማርኛ ንግግር መምሪያም አሳትሟል። የአማርኛ ልብ ወለድ አባት የተወለደው መነኮሳት ሳይታረስ ባቆዩት ደን ውስጥ መሆኑ በትምህርት ቤት ሲነገር አይሰማም። ሊነገር ይገባዋል።

ይህን ምድር እንግዳ ዓይን ምን ያህል እንደወደደው የሚመሰክር አንድ አሜሪካዊ መጽሐፍ አለ። እ.አ.አ. በ1926 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ከቺካጎ ዴይሊ ኒውስ ጋዜጣ ጋር ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ አጥኚ ቡድን ላከ። ከቡድኑ አባላት መካከል አጥቢ እንስሳትን የሚያጠናው ዊልፍሬድ ኦስጉድና የወፍ ሠዓሊው ልዊስ አጋሲዝ ፉርቴስ ነበሩ። ሁለቱ በበቅሎ አገሩን አቋረጡ፤ ፉርቴስ ወፎችን ቀለማቸው ሳይደበዝዝ በውሃ ቀለም ሣለ፤ ከ100 በላይ ሥዕል ሠራ። አገሩ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በነሐሴ 1927፣ የሚነዳው መኪና በባቡር ተገጭቶ ሞተ። ሥዕሎቹ ከመኪናው ተወርውረው ስለወደቁ ተረፉ። ኦስጉድ የሁለቱን የጉዞ ማስታወሻ አዋህዶ በ1936 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው፤ ሥዕሎቹ ዛሬም በሙዚየሙ አሉ። ከመቶ ዓመት በፊት በጎጃምና በሰሜን ተራሮች የነበረውን ወፍ ለማወቅ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ እነዚያን ሥዕሎች የሚያይበት አንድ አዳራሽ አዲስ አበባ ውስጥ ቢኖር ምን ያህል ባማረ።

የኛዎቹም አሜሪካን አይተዋል። በዓሉ ግርማ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ተመልሷል። በከተማ ልብ ወለዶቹ የሚታወቀው ይህ ደራሲ «ሐዲስ» በተባለው ሥራው መምህሩን ባለታሪክ የሚልከው ወደ ኢሉባቦር ነው፤ እሱ ራሱ ወደተወለደበት የቡና አገር። የዚያ አካባቢ ክፍል የሆነው የያዩ ደን፣ ቡና ሳይተከል በዱር የሚበቅልበት፣ እ.አ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ገጣሚው ሰሎሞን ዴሬሳ ደግሞ ከወለጋ ተነስቶ ሚኒሶታ ኖሮ እዚያው አርፏል፤ በ1963 ዓ.ም. ያሳተመውን የመጀመሪያ መድብሉን «ልጅነት» ብሎ ነው የሰየመው።

ስለ ጓሮ ሳይነሳ ግን ይህ ጉዞ ሙሉ አይሆንም። ከመካኒሳ ቤቶች በብዙዎቹ፣ ግቢው ጠባብ ቢሆን እንኳ፣ ከበሩ አጠገብ ለቡና የሚሆን ጤና አዳም አይጠፋም። ትንሽ ሰፋ ካለ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ዳማ ከሴ፣ ጠጅ ሳር ይጨመራል፤ ከጉራጌ የመጣ ቤተሰብ እንሰት ያስከትላል። ይህን የተከሉት እናቶች ናቸው፤ ደራሲዎቻችን ገና ፊደል ሳይቆጥሩ የቅጠሉን ጠረን ያስተማሯቸውም እነሱ። ዕውቀቱ ትንሽ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.አ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች ያለው፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው የወንዝ ቀንድ አውጣ ሞቶ ማየታቸው በሽታውን ለመከላከል ለሚያስችል ምርምር በር ከፈተ። አብረዋቸው የሠሩት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በ1989 የተሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተጋርተዋል። ነጠላና ጋቢ የሚያነጣው ተክል ሕይወት አዳኝ ሆኖ መገኘቱን የጠቆመው የልብስ አጣቢዎቹ የዕለት ሥራ ነው።

እንግዲህ ያለን አትክልት ስፍራ ይህ ነው፤ ሰፊ፣ የብዙ ሰው እጅ ያለበት፣ ባለቤቱ አንድ ያልሆነ። ለዚህም ነው በቀላሉ የሚጠፋው። የአን ስፔንሰር ግቢ እሷ ከሞተች በኋላ አረም ውጦት ነበር፤ በኋላ በከተማዋ የሚገኝ የአትክልተኞች ክበብ ተነስቶ አበባውን ወደ ቀድሞ ቦታው መለሰው። እዚያ የአንድ ክበብ ትጋት በቂ ነበር። ወፍ ዋሻን፣ ዝቋላን፣ ዘጌን፣ ትንሿ አቃቂን ለመጠበቅ ግን ገበሬው፣ ገዳሙ፣ ከተማ አስተዳደሩና አንባቢው አንድ ላይ መቆም አለባቸው። የወንዙን ዳርቻ የማስዋብ ሥራ ሲሠራም በዳርቻው ላይ አትክልት ሲያለማ የኖረው ሰው እንደ ባለሙያ ቢቆጠር ያተርፋል፤ የአፈሩን ጠባይ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ለመጀመር የሚሆን ነገር በእጃችን አለ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የባህል ጥናት ተቋም አለው፤ ከተቋሙ ደጅ እንዶድና ኮሶ ለመትከል የሚያግድ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ 705 ሄክታር የሚሰፋው የጉለሌ እጽዋት ማዕከል አለ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.አ.አ. ከ1989 እስከ 2009 በስምንት ቅጽ ተጠናቆ የወጣውን የኢትዮጵያና ኤርትራ እጽዋት መዝገብ አቅርበውልናል። ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ ጽድን፣ ዝግባንና ኮሶን የመሰሉ አገር በቀል ዛፎች ከዘራቸው እንዴት እንደሚባዙ ለዓመታት መርምረው ጽፈዋል። ዕውቀቱ ተሰብስቧል። የቀረው ከልብ ወለዶቻችን ጎን ማስቀመጥ ነው።

መካኒሳ ውስጥ የሚያስተምር አንድ የአማርኛ መምህር ይህን በአንድ ዓመት ሊሠራው ይችላል። አንድ መጽሐፍ ይመርጣል፤ «አደፍርስ»ም ሊሆን ይችላል፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ም። ተማሪዎቹ እያነበቡ በመጽሐፉ ውስጥ የተጠቀሰውን ዛፍ፣ ቅጠል፣ አዝመራ በዝርዝር ያወጣሉ። የማያውቁትን አያቶቻቸውን ይጠይቃሉ፤ አያቶቻቸው ያላወቁትን ጉለሌ ሄደው ያያሉ። ከዝርዝሩ ለመካኒሳ አየር የሚስማማውን ለይተው ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች ይገዛሉ፤ ከእነሱ ዘንድ የሌለውን ከችግኝ ጣቢያ ይፈልጋሉ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጸና ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ይተክሉታል። ቆስጣና በሶብላ በዚያው ክረምት ይደርሳሉ። ጽድና ዝግባ ግን አዝጋሚ ናቸው፤ የተከለው ልጅ ተመርቆ ሲወጣም ገና ለጋ ይሆናሉ። ስለዚህ መጽሐፉ ከዘንድሮው ክረምት በፊት መመረጥ አለበት፤ ችግኙም ከአሁኑ ይታዘዝ።